ሦስተኛው ረድፍ

በሰማንያዎቹ፣ አትላንታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ መሀል ከተማ ባለ አሮጌ ቲያትር ቤት ተመልካቾችን ወደየወንበራቸው እየመራሁ አስቀምጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከኒውዮርክ የመጣ ቡድን ሙዚቃዊ ቲያትር ሊያሳይ ሲል፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ትኬታቸውን አሳዩኝ። ሦስተኛ ረድፍ፣ መሀል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

«ይከተሉኝ» ብዬ ወደ ፊት ስሄድ እሳቸው ቆሙ።

«ልጄ፣ ወደ ላይ የሚያወጣው ደረጃ የት ነው?»

«የእርስዎ ወንበር እኮ ታች ነው።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ወደ ላይ ውሰደኝ።»

ክንዳቸውን ይዤ ቀስ እያልን ወጣን። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፉ። ቲያትሩ ሊጀምር ስለሆነ አለቃዬ ይፈልገኛል ብዬ ተጨንቄ ነበር። ከሁሉም በላይ ያለው የመጨረሻ ረድፍ ላይ ስንደርስ ተቀመጡና ቁልቁል ተመለከቱ።

«ልጅ ሳለሁ ለእኛ ለጥቁሮች የተፈቀደው እዚህ ብቻ ነበር» አሉኝ። «በጎን በር ነው የምንገባው። እናቴ መድረኩን ትታ የታችኞቹን ወንበሮች ነበር የምታየው። ‹ከእኛ ሰው አንዱ እዚያ ተቀምጦ ከዚህ ሆኜ ባየሁ› ትል ነበር።»

«እንግዲያው እንውረድ፤ ዛሬ እርስዎ ይቀመጡበታል» አልኳቸው።

አልተነሱም። ትኬቱን መዳፌ ውስጥ አስጨበጡኝ።

«አንተ ወርደህ ተቀመጥልኝ» አሉ። «እናቴ ልታይ የተመኘችውን እኔ ልይላት።»

መብራቱ ሳይጠፋ እንዲያዩኝ ብዬ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።