መቶ ሃያ የክብሪት ሳጥን

በ1956 ዓ.ም. ቢያዝን ወልደኢየሱስ የሳይንስ ዲግሪውን ለመያዝ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የሰው ሰገራ ነበር።

ቀልድ አይደለም። የዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ የጤና ሳይንስ ዲግሪ እንዴት ይገኝ እንደነበር በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ነገሩ ደስ የሚል ነውና። መጀመሪያ የክፍል ትምህርቱ አለ፤ ከአንዱ የወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ቀጥሎ አንድ ዓመት ሙሉ በገጠር ጤና ጣቢያ ማገልገል ይመጣል። ሦስተኛው የጥናት ጽሑፍ ነው፤ ተማሪው አንድ መንደር ይመርጣል፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ቆጥሮ ያመጣል። በመጨረሻ በሦስት መምህራን ፊት ቆሞ ስለዚያ ጽሑፍ በቃል ይፈተናል። ጽሑፉ ካልጸደቀ የቃል ፈተናው የለም፤ ያለፉትን ዓመታት ሁሉ ውሃ በላቸው ማለት ነው።

ቢያዝን የአራዳ ልጅ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሳቸው የወረሰው ነገር ቢኖር ሳይለካ አለመጀመር ነው። የመረጠው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ከትክል ድንጋይ ከተማ አልፎ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ባለችው በወይራ ሜዳ ከሚኖረው ሰው ስንቱ የኮሶ ትል አለበት?

ይህ እንዴት ይታወቃል ቢባል፣ ትሉ ከጥሬ ሥጋ ጋር ይገባና አንጀት ውስጥ በጭንቅላቱ ተጣብቆ እንደ ጥብጣብ ይረዝማል። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ በዓይን አይታይም፣ በማይክሮስኮፕ ግን ይታያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ባዶ የክብሪት ሳጥን ይሰጠዋል፤ በማግስቱ በልኩ ሞልቶ ይመልሳል።

መምህሩ ዶክተር ጌታው በክፍል ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ «ለሕዝቡ ሳታስታውቁ ደጁን አትርገጡ።» ቢያዝንም ሳምንት ሲቀረው ለመንደሩ ጭቃ ሹም ለአያ አለነ ደብዳቤ ላከ። በጥናቱ ጽሑፍም «ለሕዝቡ ከሰባት ቀን በፊት ማስታወቂያ ተሰጥቷል» ብሎ በኩራት አሰፈረ።

በግንቦት አጋማሽ ወይራ ሜዳ ገብቶ መቶ ሃያ ሳጥን አደለ። በማግስቱ መቶ ሃያ ሳጥን ተመለሰለት። ሌሎች ተማሪዎች ግማሹን ካገኙ እሰየው ይሉ ነበር። እንዲያውም አንዳንዱ ሳጥን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሮ ነው የመጣው። ቢያዝን ደስታውን አልቻለውም።

ደስታው የቆየው ማይክሮስኮፑ ፊት እስኪቀመጥ ነው። አንደኛው ሳጥን ውስጥ እንቁላል የለም። ሁለተኛውም ውስጥ የለም። ሃምሳኛው ላይ ሲደርስ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ከሆስፒታል የአንድ በሽተኛ ናሙና አምጥቶ አየበት፤ እንቁላሉ እንደ ተዘራ ጤፍ ፈስሶበታል። መሣሪያው ደህና ነው። መቶ ሃያውን ሁለት ሁለት ጊዜ አይቶ ሲጨርስ እንቁላል የተገኘባቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ።

ዶክተር ጌታው ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት?»

«ሦስት ነው፣ ዶክተር።»

«ከመቶ ሃያ?»

«አዎን።»

«እኔ በዚሁ አውራጃ ሳጠና ከመቶው አሥራ ዘጠኝ አገኘሁ። ሆስፒታል ከሚመጡት በሽተኞች ከመቶው ስድሳው አለባቸው። አንተ መላእክት የሰፈሩበት መንደር አግኝተሃል ማለት ነው?»

«ያየሁትን ነው የጻፍሁ።»

«ስማኝ። ቤትህ ተቀምጠህ የፈጠርከው ቁጥር ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ። ካልሆነም እስከ ነሐሴ ምክንያቱን አምጣ። ካላመጣህ ስምህ እንዲሰረዝ የምፈርመው እኔው ነኝ።»

ቢያዝን እንዴት ከቢሮው እንደወጣ አያስታውስም ነበር። ሐሰተኛ ተብሎ መባረርን በሕልሙም አስቦት አያውቅም።

በሰኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ ሲሄድ ከኋላው አንድ ሰው ትከሻውን ያዘው። አያ አለነ ናቸው። ለመሬት ክርክር ቀጠሮ መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘዋል።

«ሐኪም! ምነው እንዲህ ከሳህ?»

«ፈተና ነው፣ አያ አለነ።»

«ፈተናውማ አልፎ የለ እንዴ! አላሳፈርንህም አይደል?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ደብዳቤህ እንደ ደረሰኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ተናገርሁ። ‹የመንግሥት ሐኪም ሆዳችሁን ሊያይ ይመጣል፤ ወይራ ሜዳን ያሰደበ ወዮለት!› አልሁ። ማክሰኞ ጧት አገሩ በሙሉ ኮሶውን ጠጣ። አማቴ ሳይቀሩ፣ ሰማንያ ዓመታቸው! የዚያን ቀን በሬ የጠመደ የለም፤ ሁሉም ወደ ጫካው ሲሮጥ ዋለ።»

«ሁሉም?»

«አንድ ቤት አልቀረ። ሸጋ አድርገን ነው የጠበቅንህ። ስንት ተገኘ ታዲያ?»

«ሦስት።»

የአያ አለነ ፊት ተለዋወጠ። «ሦስት? ማንና ማን ናቸው? ስማቸውን ንገረኝ፤ ለምን ብለው ነው የሚያዋርዱን!»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ኮሶ የዛፍ አበባ ነው፤ ደርቆ ይወቀጣል፣ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ መራራ ነው። ትሉን ቆራርጦ ያወጣዋል፤ ጭንቅላቱ ግን ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል። በሁለት በሦስት ወሩ ተመልሶ ይረዝማል፣ ሰውም ተመልሶ ይጠጣል። ስለዚህ በዚያ ሳምንት የመጣ መርማሪ የሚያገኘው ንጹሕ ሰው ነው። ወይራ ሜዳዎች ለማታለል አላሰቡም። እንግዳ ሲመጣ ደጅ እንደሚጠረገው ሆዳቸውን ጠረጉ እንጂ። የሚገርመው ቢያዝን ራሱ በልጅነቱ ኮሶ ጠጥቶ ያደገ ነው። ኮሶን ያውቃል፣ ደብዳቤውንም የጻፈው እሱ ነው፤ ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም።

«አያ አለነ፣ ቀጥሎ የምትጠጡት መቼ ነው?»

«ፍልሰታ ሊገባ ሲል።»

ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ አንድ ነው። ቢያዝን ሐምሌ ሃያ ቀን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ እየዋጠው፣ ማይክሮስኮፑን በቅሎ ላይ ጭኖ፣ ደብዳቤ ሳይልክ ወይራ ሜዳ ገባ።

መጀመሪያ ያየችው የአያ አለነ ሚስት ትርንጎ ናት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው ሐኪም፣ ሳትልክብን? ኮሶ እንኳ ሳንጠጣ!»

«እትዬ ትርንጎ፣ እኔም የመጣሁት ሳትጠጡ ልያችሁ ብዬ ነው።»

«እሰይ! ትላችንን ጎንደር ወስደህ ልታወራብን!»

ሰው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ቢያዝን የመጀመሪያው ጥናት ለምን እንደከሸፈ አንድ በአንድ አስረዳ። በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ያው የግንቦቱ ቁጥራቸው እንጂ ስም እንደማይሆን ማለ። ሳጥኖቹን ዘረጋ። ማንም እጁን አልሰደደም። አያ አለነ እንኳ ወደ መሬት ያዩ ነበር።

በመጨረሻ አንዱን ሳጥን ራሱ አነሣና ወደ አጥሩ ኋላ ሄደ።

ተመልሶ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል በወጣችው ፀሐይ ማይክሮስኮፑን አስተካከለ፤ ያን መሣሪያ የሚያበራው ከሥሩ ያለ መስተዋት ነው። ንጹሕ ናሙና አሳይቶ ሊያደፋፍራቸው ነበር ያሰበው። ዓይኑን አስጠጋ። ቀና አለ። እንደገና አስጠጋ።

«ምን ሆንህ?» አለች ትርንጎ።

«ይዩት።»

አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። «ይህ ክብ ክብ ምንድን ነው?»

«የኮሶ ትል እንቁላል ነው።»

«የማን?»

«የኔ።»

ትርንጎ እስኪያስላት ሳቀች። «ኧረ ጉድ! ከጎንደር ድረስ የኛን ፍለጋ ሲመጣ የራሱን ጭኖ! ኧረ ለሐኪሙ ኮሶ በጥብጡለት!»

«ጥሬ ሥጋ ጎንደርም አለ ለካ» አሉ አያ አለነ፣ ከተዘረጉት ሳጥኖች አንዱን እያነሡ።

በማግስቱ ጧት መቶ አራት ሳጥን ተመለሰ። በስድሳ ሰባቱ እንቁላል ተገኘ።

የቃል ፈተናው በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ሆነ። ሦስት መምህራን ተቀመጡ፣ ዶክተር ጌታው መካከል ላይ። ቢያዝን ሁለቱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ዘረጋ፦ የግንቦቱ ከመቶ ሃያው ሦስት፣ የሐምሌው ከመቶ አራቱ ስድሳ ሰባት። አንደኛው ፈታኝ «ሰዎቹ ተለዋውጠው ቢሆንስ?» ሲሉት፣ መቶ አራቱም ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ መሆናቸውን በቁጥራቸው አሳየ። እያንዳንዱ ለመጨረሻ ጊዜ ኮሶ የጠጣበትንም ቀን ጠይቆ ጽፎ ነበር።

«ልዩነቱን ያመጣው ደብዳቤዬ ነው» አለ። «ትሉን የቀነስሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተር ጌታው ተነሥተው ወደ መደርደሪያው ሄዱና አንድ ቀጭን ጥራዝ አወጡ። የራሳቸው ጥናት ነው፣ ያ ከመቶው አሥራ ዘጠኝ ያገኙበት። ገጹን ገልጠው ቆመው አነበቡ፦

«ለሕዝቡ ከአንድ ወር በፊት ማስታወቂያ ተሰጥቷል።»

ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሌሎቹ ፈታኞች ተያዩ። አንድ ወር ሲቀረው የጠጣ ሰው ትሉ ገና እያደገ ነው፤ በአንዳንዱ ይታያል፣ በብዙው አይታይም። ይህን ለማስላት በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ወረቀት አላስፈለገውም።

«ስምንት ዓመት» አሉ ዶክተር ጌታው በቀስታ። «ስምንት ዓመት አሥራ ዘጠኝ እያልሁ አስተማርሁ። አንተንም ውሸታም ብዬህ ነበር።»

ከዚያ ተቀምጠው በቢያዝን ወረቀት ላይ ፈረሙ። ያንን ቀጭን ጥራዝም ወደ እሱ ገፉት። «አልፈሃል። ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ ያን ያጠናሁትን መንደር ቁጠርልኝ። ደብዳቤ እንዳትልክ።»

ቢያዝን ሲወጣ አያ አለነ ከመሬት ክርክሩ ሌላ ቀጠሮ ተመልሰው በር ላይ ይጠብቁ ነበር።

«እህሳ?»

«አለፍሁ፣ አያ አለነ!»

«እልል በል! ስንት ሆንን?»

«ስድሳ ሰባት። በሦስቱማ ሊያባርሩኝ ነበር።»

አያ አለነ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ቆይ እስቲ። ሦስት ስንሆን ሊያባርሩህ፣ ስድሳ ሰባት ስንሆን ሊያስመርቁህ? ምነው፣ ይህን አስቀድመህ ብትነግረን ያን ሁሉ ኮሶ ለምን እንጠጣ ነበር!»