ከከብቶቹ ጋር ያደገችው ልጅ ጥያቄ

ከጎጃም ወልቂጤ ተመድቤ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያን ቀን አስረኛ ክፍሎችን ስለ ቢ ሴሎች አስተማርኩ፤ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ተፈጥረው፣ ሲጎለምሱ ተዋሲያንን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ የደም ሴሎች ናቸው አልኩ።

ከጉንችሬ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እንዲጎለምሱ የሚቀሰቅሳቸው ምንድን ነው? እኛ ቤት ከብቶቹ የሚያድሩት ከእኛው ጋር ነው። ከበረቱ የምንተነፍሰው የሞተ ባክቴሪያ ስባሪ ይሆን?"

መልሱን አላውቀውም፤ መማሪያ መጽሐፉም ላይ የለም። "ታዲያ ጤና ጣቢያው ክትባቱን ትቶ በየቤታችን ላም ይሰርልና!" አልኩ፤ ያውም የእሷን የጉራጊኛ ቅላጼ እያስመሰልኩ።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ዓመቱ እስኪያልቅ አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም እፎይ ብዬ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር መምህራችን የባክቴሪያ ግድግዳ ሰሌዳው ላይ ሳሉ። "ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ የዚህ ግድግዳ ስባሪ ቢ ሴሎችን ቀስቅሶ ያባዛቸዋል፤ ፀረ እንግዳ አካልም ያስመርታቸዋል" አሉ። "ሲበዛ ደግሞ መቅኔው አዳዲሶቹን እንዳይፈጥር ያውካል።"

የጉንችሬዋ ልጅ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

ክረምት ላይ በሚኒባስ ጉንችሬ ሄድኩ። ጠያይቄ አገኘኋት፤ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ያኔ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነበር" አልኳት። "ያላወቅሁት እኔ ነኝ። አላዋቂነቴን ለመሸፈን አሳቅሁብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለች።

"እኔ እኮ የጅል ጥያቄ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር" አለች። "አስራ አንደኛ ስገባ ሶሻል የመረጥኩት ለዚያ ነው። ሳይንስ የእኔ አይደለም ብዬ።"

ባንኮኒው ላይ ከነበረው መጠቅለያ ወረቀት ቀድጄ መቅኔውንና ሴሎቹን መሳል ጀመርኩ። ጎንበስ ብላ ስታይ አንዲት ሴትዮ ስኳር ፈልገው ገቡ፤ ትታኝ ልትመዝን ሄደች። ሴትዮዋ ወሬ ጀመሩ፣ ሌላ ገበያተኛም መጣ። እኔ ያልጨረስኩትን ስዕል ይዤ ከጆንያዎቹ መሃል ቆምኩ።

"ቲቸር፣ መኪናው እንዳያመልጥዎት" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

ተሰናብቻት ወጣሁ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።