የሙስጠፋ አምስት ኪሎ

የሐቢባን ልጅ ሙስጠፋን የማያውቅ የቂርቆስ ሰው የለም። ያ ምሳ ዕቃ በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ካዛንቺስ ድረስ የሚሮጠው። ቁመት እንደሆነ ተሰጥቶታል፣ ሥጋ ነው የጠፋው።

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ጥበቃ ይፈልጋል ተባለና ሄደ። ነገሪ የሚባለው የጥበቃ ኃላፊ ከላይ እስከ ታች አየውና፣ "ከሦስት ወር በኋላ ሰባ አምስት ኪሎ ሆነህ ና። በር ላይ የሚቆም ሰው ገና ሲያዩት ማስፈራት አለበት" አለው። ያን ቀን ስልሳ ዘጠኝ ነበር።

ለሌላው ምንም ላይመስል ይችላል። ለሙስጠፋ ግን ደሞዝ ነው፣ ዩኒፎርም ነው፣ ከሁሉም በላይ አንድ ቦታ መቆም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ቆሞ የዋለበት ቀን የለማ።

ከኡራኤል ዝቅ ብሎ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስፖርት የምታሠራ ሉሊ የምትባል ልጅ አለች። ብረቷ ግማሹ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳ ነው፤ ክንዷን ያየ ግን አይስቅም።

"በቀን ምን ያህል ትሮጣለህ?" አለችው።

"አልሮጥም፣ ምሳ ነው የማደርሰው።"

"ለሰውነትህ ያው ነው። ፎቅስ?"

"ሰባት ፎቅ፣ አራቴ። ሊፍቱ ከሠራ ሁለቴ።"

"በቃ፣ ካርዲዮ ነው የጨረሰህ ብሮ። ብረቱ የሠራልህን ደረጃው ይበላዋል። ወይ ሩጫውን ቀንስ፣ ወይ እጥፍ ብላ።"

ሩጫውን እንዳይቀንስ፣ ምሳውን የምትሠራው እናቱ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፤ ምሳው ከቀዘቀዘ ደግሞ የቢሮዎቹ ሰዎች ሌላ ጋ ያዛሉ። እጥፍ እንዳይበላ፣ ምኑን? ደንበኞቹ ክርስቲያን ናቸው፣ ከሐቢባ ቤት ሥጋ አይወስዱም። የሚሄድላቸው ሽሮ ከቅቅል እንቁላል ጋር ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ እንቁላሉም አይቀቀልም። ሙስሊሙ ልጅ በሰው ጾም ከሳ።

ቢሆንም ታገለ። ማታ ማታ ጣሳውን ያነሳል፣ ቀን ቀን ከደንበኛ እንቁላል አንድ ሁለት እያለ ይልጣል። ሐቢባ አየች፣ ዝም አለች። ዝም ስትል ነው እሷን መፍራት።

በየሰኞው ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሰው የሚመዝነው ጋሽ ጉተማ ሚዛን ላይ ይወጣል። መርፌው ሰባ ላይ ቁጭ ብሎ ከረመ። አንድ ሰኞ ግን ሰባ ሦስት አለ። ቀጥሎ ሰባ አምስት።

"ጋሽ ጉተማ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"አንተ ደግሞ! ሸሚዝህ ሊተረተር እኮ ነው።"

ሙስጠፋ ደስ አለውና እጁን ከእንቁላሉ ሰበሰበ። ቀኑ ሲደርስ በጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ሆቴሉ ሄደ። የሆቴሉ ሚዛን ቁጥሩ የሚያበራ ነው። ሰባ ነጥብ አንድ።

"ጫማዬን አውልቄ ስለሆነ ነው" አለ ሙስጠፋ።

"ጫማህ አምስት ኪሎ ነው?" አለ ነገሪ። ከዚያ አሳዘነው መሰለኝ፣ "ሁለት ወር እጠብቅሃለሁ። ሩጫህን ትተህ ና" አለው።

በቀጥታ ጉተማ ጋ ሄደ። ጉተማ መሬት መሬት እያየ፣ "እናትህ ናት። መርፌውን ትንሽ ከፍ አድርግለት አለችኝ። ምን ላድርግ ልጄ፣ ምሳ የምትልክልኝ እሷ ናት" አለ።

ቤት ሲደርስ ሐቢባ ምሳ ዕቃ ትሞላለች።

"እማ፣ ሚዛኑን ለምን አስነካሽብኝ?"

"እንቁላሉን ልትጨርሰው ነበራ። ሞላልኝ ብለህ ትተወዋለህ አልኩ።"

"ሆቴሉ እንደሚመዝነኝ ታውቂ የለ?"

ሐቢባ ክዳኑን ጫን አድርጋ ዘጋች።

"ሰውዬው ሁለት ወር ይጠብቀኛል። ሁለት ወር ካልሮጥኩ ይሞላልኛል።"

"ሁለት ወር ማን ያደርሳል ታዲያ?" አለች፣ ጉልበቷን ይዛ። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ የባሰው ይሄ ነው። ክፉ ብትሆንለት ጥሏት ይሄድ ነበር።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ምሳ ዕቃዎቹን አነሳ። ሊወጣ ሲል ሁለት እንቁላል ኪሱ ከተተችለት፣ ቀና ብላ ሳታየው።

የቢሮዎቹ ሊፍት አይሠራም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ምሳ ዕቃውን አስቀምጦ አንዱን ልጦ ዋጠ። ሁለተኛውን ሊልጥ ሲል ከላይ አንዷ፣ "ሙስጤ፣ ራበን እኮ" አለች። እንቁላሉን ኪሱ መልሶ ሽቅብ ሮጠ።