በሩዙ ሥር የተቀበሩት እንቁላሎች

ያን ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የኩሽናውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ስለዋለ እኔና እትዬ የምንነጋገረው በጩኸት ነበር። ታላቅ እህቴ የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ ናት፤ እኔ ዕቃ አጣቢ። ሁለታችንም ትምህርት ያቆምነው አራተኛ ክፍል ሳንደርስ ነው። ሠራተኛው «ድርብ ጭልፋ» ይላታል፤ የከሳ ሰው ስታይ አንጀቷ አይችልም፣ ትደግምለታለች።

ኩላሊቱን የታመመው ጡረተኛ መምህር ሳህን ላይ ቢጫ ካርድ ነበር። ቢጫ ማለት ሥጋው ትንሽ፣ እንቁላል ጭራሽ የለም።

«ምን በደለ? አጥንቱ ቀረ እኮ!» አለችና ሁለት እንቁላል በሩዙ ሥር ቀበረችለት።

«እትዬ፣ ኋላ ጉድ ይፈላል።»

«አንቺ ሳህንሽን እጠቢ!»

በየቀኑ እንዲሁ አደረገች። በሳምንቱ የሰውየው ፊት አበጠ፣ ያቅለሸልሸው ጀመር፤ የደም ምርመራውም ከፋ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኩሽና መጥታ «ምን እየበላ ነው? ሐኪሙ ግራ ገብቶታል» ስትል እህቴ ክው አለች። ሥራዋን እንዳታጣ ብዬ፣ እንዳትናገር በዓይኔ ጠቀስኳት። እኔ የመጣውን ዝም ብዬ መቀበል ነው የለመድኩት።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ። «በቀን ሁለት እንቁላል። ይበርታ ብዬ።»

ባለሙያዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ እውነቱን ስላልደበቀቻት ግን ወንበር ሳበችላት።

«እማማ፣ እንቁላል ፕሮቲን ነው። ሰውነት ከተጠቀመበት በኋላ ቆሻሻው የሚወጣው በኩላሊት ነው። የሳቸው ኩላሊት ደክሟል፤ የማይችለውን አሸከሙት።»

«ታዲያ በምን ይበርታ ልጄ?»

«በሩዙና በዘይቱ። ጉልበት የሚሰጠው ካርቦሃይድሬትና ቅባት ነው። ፕሮቲኑ በልክ ይሁን።»

እህቴ ሽርጧን ሳታወልቅ መምህሩ ወደተኛበት ክፍል ሄደች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያሳመምኩዎት እኔ ነኝ።»

መምህሩ ባበጠ ፊቱ ሳቀ። «እኔስ? ከሩዝ ሥር እንቁላል ቆፍሬ እያወጣሁ ዝም ያልኩት! ሁለታችንም መገረፍ አለብን።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ጎደለ። እህቴ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት እንጂ አላባረሯትም። አሁን የኩላሊት ሕሙማንን ምግብ የምታበስለው እሷ ናት፤ ካርዱን ሳታይ ጭልፋ አታነሳም። ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ቀርቷታል።