ወጌሻ ያሰሯት አውሮፕላን

ሦስት ወር ሙሉ ገጣጥሜ የሠራኋትን ባለ ድርብ ክንፍ ትንሽ አውሮፕላን ከወረታ ወጣ ብዬ በሪሞት ሳበርር፣ ሩዝ ከወፍ የሚጠብቁ ሽማግሌ ከማማቸው ላይ ሆነው በወንጭፍ ጣሏት።

«ወፍ መስላኝ እኮ ነው» እያሉ አንስተዋት መጡ። የታችኛው ክንፏ ተሰብሯል። አኮረፍኩ።

«አይዞህ ልጄ፣ ወጌሻ ነኝ» አሉና ስብራቱን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ገጠሙት። ከዚያ ሸንበቆ ሰንጥቀው፣ ከኩታቸው ጫፍ ቀድደው ጥብቅ አድርገው አሰሩት። እንዲህ ያለ ጥገና እኔም አልችልም፤ ኩርፊያዬ ጠፋ።

«በሉ አባባ፣ ላስነሳት» ብዬ እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው አስጠጓት።

«እንጨት መሆኗ አልጠፋኝም፤ ስብራት ግን ስብራት ነው። ሁለት ሳምንት ሳትተኛ አትነሳም» ብለው አቅፈዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እኔም ትናንት ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃት ሄድኩ።