ቀብሩን ያስቀደመው ዳይሬክተር

የምጠላው ሳቁን ነበር። ቀኝ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እስኪመጣ ድረስ ድምፅ ሳያሰማ ይስቃል። ሰው ቢሰድበኝ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ለሳቅ ግን መልስ የለኝም። ያ ሳቅ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ጎረቤቴ ነበር። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ አንድ የጭቃ ግድግዳ ለሁለት እንካፈላለን። እሱ መሃል ከተማ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ፊልም የሚያሳይ ኦፕሬተር፣ እኔ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው የልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ እንገናኝና እንጣላለን። እንጫወታለን ማለቴ አይደለም፣ እንጣላለን ነው ያልኩት። ልብስ ሰፊው ዕድሜያቸው የገፋ፣ በደህናው ጊዜ ፊልም የማያመልጣቸው ሰው ነበሩ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ያዳምጡናል።

የጠባችን ምክንያት አንድ ሽልማት ነው። ደርግ ከመጣ ወዲህ የአሜሪካ ፊልም እየተመናመነ ሄዶ ሲኒማ ቤቱ በትራክተርና በታንክ ተሞልቶ ነበር። ስለዚህ የምንከራከረው በንጉሡ ጊዜ ስላየናቸው ፊልሞች ነው። እኔ ፍራሼ ሥር የደበቅኩት ያረጀ የአሜሪካ መጽሔት ነበረኝ። እዚያ ውስጥ እኛ ገና ልጆች ሳለን ለዳይሬክተሮች ስለተሰጠ ትልቅ ሽልማት ተጽፏል፤ ማን እንዳሸነፈ፣ ማን እንደተሸነፈ። የሁለቱም ፊልሞች ዘግይተውም ቢሆን አዲስ አበባ ደርሰው አይተናቸዋል። ያሸነፈው ሰውዬ ፊልም በቀለም የተሠራ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈረስ የሚጋለብበት ስለነበር ሰውየውን «ባለፈረሱ» እንለዋለን። የተሸነፈው ስለ አንድ የወፍጮ ባለቤትና ስለ ሁለት ወንዶች ልጆቹ በጥቁርና ነጭ የሠራው ነው፤ እሱ «ባለወፍጮው» ነው። ጎረቤቴ ሽልማቱ ለባለፈረሱ ይገባል ባይ ነው፣ እኔ ለባለወፍጮው።

የኔ ማስረጃ አንድ ነበር። ፊልሙ መሃል ላይ አባትየው ይሞታል፣ ይቀበራል፤ ልጆቹ አፈር ይመልሱበታል። ወዲያው፣ ምንም ሳይባል፣ ያው አባት በሕይወቱ ገበታ ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየቆረሰ ታላቅ ልጁን ይሰድባል። እንዲህ አስቀድሞ ቀብሮ በኋላ ገበታ ላይ የሚያስቀምጥ ዳይሬክተር አይቼ አላውቅም ነበር። ሰውየው እንደሚሞት እኔ አውቃለሁ፤ ልጁ አያውቅም። ልጁ ክፉ ቃል ሲመልስለት፣ በሩን ወርውሮበት ሲወጣ፣ ተው ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ፊልሙን ያየሁት የራሴን አባት በቀበርኩ በወሩ ነው። አባቴም ኃይለኛ ነበር፣ እኔም በር ወርውሬበት የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ፊልሙንም ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለመድገም አልደፈርኩም።

«ፈረስ ማየት ከፈለግኩ ጃን ሜዳ እሄዳለሁ፤ ይሄ ያሸልማል?» እላለሁ።

«ያን ሁሉ ፈረስ ሳይተረማመስ ማንቀሳቀስ ቀላል መሰለህ?» ይላል።

«ቀብሩን ማስቀደምስ?»

ይሄኔ እጁ ወደ አፉ ይሄዳል።

«ምን ያስቅሃል?»

«ኧረ ምንም። ቀጥል፣ ቀጥል። ቀብሩን ምን አደረገው አልክ?»

እቀጥላለሁ፤ እሱም ይብስበታል። አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው «እኔ ሳየው እንኳ ሰውየው መጀመሪያ ተጣልቶ፣ ከዚያ ሞቶ ነው የተቀበረው» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ እንቅልፍ ወስዶዎት ነበር» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው። ጠባችን ጋብ የሚለው አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ብቻ ነው። የሰፈራችን ሰው ልማድ ነበር፤ ድምፁ እስኪያልፍ ጣታችንን እንዳነሳን፣ አፋችንን እንደከፈትን እንጠብቅና ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን።

አንድ እሁድ ነገሩ ከረረ። ስለ ቀብሩ ስናገር «አንተ እኮ የምታደንቀው የሌለ ነገር ነው» አለና ወንበሩን ይዞ ሳቀ። በአባቴ መቃብር ላይ የሳቀ መሰለኝ። «ማሽን የሚያዞር ሰው ስለ ጥበብ ምን ያውቃል?» አልኩት። ሳቁ ቀጥ አለ። «የሚያዞረው ሰው አንተ ከምታስበው በላይ ያውቃል» አለኝ። ከበረንዳው ወርጄ ቻው እንኳ ሳልለው ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን የውጭ ትምህርት ዕድል አገኘ። ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ የፊልም ሥራ ሊማር ነው። በግድግዳው በኩል ሲያፏጭ እሰማው ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ፤ ለፈረስ የሚያጨበጭብ ሰው ሄዶ ፊልም ሲማር፣ እኔ ፋይል ላይ ቁጥር ስጽፍ ልኖር ነው። ሲኒማ ቤቱ ተስማምቶ የቀረው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። በእኛ ቀበሌ ይህ ደብዳቤ የሚጻፈው የሰውየው ጉዳይ ለስብሰባ ቀርቦ፣ ሂስ ያለው ሂሱን ከሰጠ በኋላ፣ እጅ ተቆጥሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምንም አይልም፤ ሰው ቶሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል።

ተራው ደርሶ ስሙ ሲጠራ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ቆመ። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ሰብሳቢው «በጓድ ላይ ሂስ ያለው?» አሉ። ጎረቤቴ ወደኔ አየና ፈገግ አለ። ምናልባት ያለፈው ይለፍ ማለቱ ነበር። ለኔ ግን ያው ሳቅ ሆነብኝ። ተነሣሁ።

«ጓድ የአሜሪካን ሽልማት ያመልካል» አልኩ። «እሁድ እሁድ በሰው ፊት ኢምፔሪያሊስቶች የሸለሙትን ዳይሬክተር ሲያወድስ በጆሮዬ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለሶሻሊስት ሲኒማ ይበጃል ወይ?»

የኔም ዳይሬክተር አሜሪካዊ መሆኑን አልተናገርኩም። መጽሔቱ የኔ መሆኑንም አልተናገርኩም። ቃሉ እንዴት ከአፌ እንደፈሰሰ ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

እሱ ምን ማለት እንደሚችል የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። «መጽሔቱ እሱ ፍራሽ ሥር ነው፣ ሂዱና ፈትሹ» ቢል ኖሮ ያን ቀን ቤቴ አላድርም ነበር። ብዙ አየኝ። ከዚያ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ብሎ አንገቱን ደፋ።

«ደብዳቤው አይሰጠው የሚል?» አሉ ሰብሳቢው። እጄን አነሣሁ። አንድ ሰው ኢምፔሪያሊስት የሚል ቃል ካወጣ በኋላ እጁን አጥፎ መቀመጥ የሚደፍር ስለማይገኝ፣ ሌላውም ጎን ለጎን እየተያየ አነሣ። ልብስ ሰፊው ብቻ መሬት መሬት እያዩ ዘግይተው አነሡ። በጎረቤቴ ፈንታ ሌላ ሰው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በግድግዳው በኩል ሳሉን እሰማለሁ እንጂ አንነጋገርም። ማፏጨቱንም ተወ። በር ላይ ስንገጣጠም አንዳችን ወደ ውስጥ እንመለሳለን። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። መስከረም ላይ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ ለማስጠገን የሰጠውን ሱሪ ሊወስድ መጣ። ልሄድ ስነሣ «ተቀመጥ!» አለኝ። የዚያን ያህል ጥላቻ ያለበት ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

«ቀብሩን ያስቀደመው ባለወፍጮው አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

አልገባኝም። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን አቆሙ።

«ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አለቃዬ ታሞ ብቻዬን ነበርኩ። ፊልም በአንድ ጥቅል አይመጣም፤ ተከፋፍሎ በየቆርቆሮው ነው የሚመጣው። ገበታው ያለበትን መጫን ሲገባኝ ቀብሩ ያለበትን ጫንኩ። ቅዳሜ ከሰዓት የታየው ላይ ነው። ማታ የታየውን አስተካከልኩት። ያንተ ባለወፍጮማ እንደማንም ሰው መጀመሪያ አጣልቶ፣ ከዚያ ገድሎ ነው የቀበረው።»

«ትዋሻለህ» አልኩ። ግን ያየሁት ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።

ልብስ ሰፊው «አላልኩህም?» አሉ ቀስ ብለው።

አውሮፕላን መጣ። እንደ ልማዳችን ሦስታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ዓይኑን ከኔ አላነሳም። ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ቀጠለ።

«ስህተቴን ሳውቅ ማሽኑን ላቆም ነበር። በማሽኑ ክፍል ቀዳዳ ወደ ታች ሳይ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ውጧል። ሰውየው ዳቦ ሲቆርስ የሚያስል ሰው እንኳ የለም። ተውኩት። ፊልም መሥራት መማር አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው። ለማን ልናገር? ያኔ ብናገር እባረራለሁ፣ አሁን ብናገር አሻጥር ነው ይሉኛል።»

«ታዲያ ለምን ትስቅብኝ ነበር?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ደንቆሮ፣ ደስ እያለኝ ነው! ስለዚያች ቀን ሲያወራ የሰማሁት ሰው አንተ ብቻ ነህ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ቢሆንም ለባለፈረሱ አይገባም» የሚል ነው። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ሱሪውን ከልብስ ሰፊው እጅ መንጭቆ ሄደ። ቤቱን ለቅቆ ወደ ኮተቤ እስኪዛወር ድረስ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም። ፊልም ሠራ ሲባልም አልሰማሁም።

መጽሔቱን የዚያኑ ዕለት ማታ አቃጠልኩት፣ ምን ሊጠቅም እንደሆነ አላውቅም። ሽልማቱ ይገባዋል እያልኩ እሁድ እሁድ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጮህኩለት ሰው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፊቴ ቆሞ ነበር። የፈለገው ሽልማት እንኳ አልነበረም፣ አንድ ደብዳቤ ነው። እጅ ሲቆጠር የመጀመሪያው እጅ የኔ ነበር።