እስከ ወንዙ ሳልወርድ

ያለፈው ታኅሣሥ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ካቴና ዘይት ሲቀባ፣ የዘይቱና የጋለው ጎማ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ አባቴ አጠገብ አቆመኝ። አባቴ የብስክሌቱን ካቴና የሚቀባው በኑግ ዘይት ነበር፤ እናቴም ለወጥ ያስቀመጠችው ዘይት ጎድሎ ባገኘችው ቁጥር «ይሄ ብረት ከልጆቼ ይልቅ ይበላል» እያለች ታጉረመርም ነበር።

ዘመኑ የጣልያን ነው። ቤታችን ከደብረ ሲና በላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ አናጢ ስለነበር ለጣልያን መንገድ ሠሪዎች ሰፈር በርና መስኮት ይሠራ ነበር፤ ሥራውን አይወደውም፣ ግን አምስት ልጅ በጥላቻ አይጠግብም። ከዚያው ሰፈር አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ሠራተኛ ብስክሌቱን በአንድ ሙክትና በአንድ ማሰሮ ማር ለአባቴ ለወጠለት። በእኛ አገር ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ፣ መስከረም ከጠባ በኋላም ያለው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ስለሆነ፣ ብስክሌቱ እንደ ቆላ ከብት ዓመቱን ሙሉ ሮቢት፣ አጎቴ ዘንድ ይከርም ነበር።

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያለብሰው፣ የእናቴም ጉልበት በቁርጥማት ሲያዝ፣ ጓዛችንን በአህያ ጭነን ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ ጋሼ ዘውዴ ቤት እንወርድ ነበር። ብርዱ እስኪያልፍ እዚያው እንሰነብታለን፤ በዚያውም የማሽላውን አጨዳና ውቂያ እናግዛለን። እናቴ ንዳድ እንዳይዘን ጧት ጧት ነጭ ሽንኩርት ታስቅመን ነበር። ሙቀቱ በሳምንት ውስጥ ጉልበቷን ያፍታታላትና ደጋ ላይ የማናውቀውን ሳቅ ትስቅ ጀመር፤ እኛም ጥንቅሽ እየመጠጥን፣ ከማማ ላይ ወፍ እየጠበቅን ቆዳችን ይጠቁር ነበር። እንደዚያ ወራት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለብስክሌቱ የምትተርፈን ጊዜ ግን ትንሽ ነበረች። ፀሐይ ከፍ ካለ ሙቀቱ አያስቆምም፤ ከቁርስ በኋላ አውድማ አለ፤ ከአውድማ መልስ ደግሞ ካልቀመሳችሁ ብሎ የሚቀየም ዘመድ አይጠፋም። ስለዚህ ገና ጎህ ሲቀድ እኔና አባቴ ብስክሌቱን ይዘን እንወጣ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበር ኮርቻው ላይ ብቀመጥ እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ቀኝ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ተጣምሜ ነበር የምነዳው። አባቴ ከኋላ ይዞ ካልገፋልኝ አልነሣም፤ አንዴ ከወረድኩም ለማስነሣት ብዙ ጣጣ ነበረው። ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ከአጎቴ ደጅ እስከ ሮቢ ወንዝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልወርድ መድረስ።

ይህን ምኞት የሚያጨናግፈው የአባቴ ሕግ ነበር። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ እጅ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ብስክሌተኛም መውረድ አለበት ባይ ነው። በመንገዱ እኩሌታ ላይ ደግሞ የአጎቴ ጎረቤት ሼህ ሙሄ ከሱብሂ ሶላት በኋላ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሮቃ ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር። የእሳቸው ሰላምታ በቀላሉ አያልቅም። «እናትሽ እንዴት አደረች? ጉልበቷስ? ደጋው እንዴት ነው? ከብቱስ?» እያሉ፣ ለእያንዳንዱ መልሴ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ፀሐይዋ ትከርርና ወደ ቤት እንመለሳለን። የጣልያን ካሚዮን ሲመጣማ ጡሩምባውን እያስጮኸ ቦይ ውስጥ ያስገባን ነበር፤ ሹም ካለበትም ቀኝ እጅን ለሰላምታ ወደ ላይ ዘርግቶ መቆም ግዴታ ነው። አባቴ ያን ጊዜ ካቴናው የተበላሸ ይመስል ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ይነካካ ነበር። ካቴናው በጤናው ነበር።

ብስክሌቱን ባገኘን በሦስተኛው ዓመት አንድ በሬያችን ሞተብን። አባቴም ብስክሌቱን በበሬ ለመለወጥ ከአንድ የአጣዬ ነጋዴ ጋር ተስማማ፤ ነጋዴው የሚመጣውም ወደ ደጋ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ነበር። በዋዜማው ሮቃው ሥር ስወርድ ሼህ ሙሄ ፊቴን አይተው «ልጅቱን ምን አገኛት?» ብለው አባቴን ጠየቁት። እሱም እየሳቀ የበሬውንም የወንዙንም ነገር ነገራቸው። «ወንዙ የት ይሄድባታል» ብለው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጧት «አባባ፣ ዛሬን ብቻ ሼህ ሙሄን ሳልወርድ ልለፋቸው» ብዬ ለመንኩት።

«ብስክሌቱ ዛሬ የሰው ይሆናል፤ ስድነቱ ግን ከአንቺ ጋር ይቀራል» አለኝ። እንባዬን እየዋጥኩ ተነሣሁ።

ሮቃው ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ሼህ ሙሄ አዩኝ። መቁጠሪያቸውን ሰብስበው፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ በዱላቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡና ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ወደ ታጨደው ማሽላ ዞሩ። እኔ ግራ ገብቶኝ ልወርድ ስንገዳገድ አባቴ ከኋላዬ እየሮጠ «ፊታቸውን ያላየሽውን ሰው ምን ብለሽ ትሳለሚያለሽ? ንጂ» አለኝ። ነዳሁ። ወንዙ ደረስኩ፤ ሁልጊዜ ይዞ የሚያቆምልኝ አባቴ ወደ ኋላ ስለቀረ አሸዋው ላይ ተንከባለልኩ፤ ጉልበቴ እየደማ ስቄ ስቄ መነሣት አቃተኝ።

ብስክሌቱን እየገፋን ስንመለስ ሼህ ሙሄ እንደ ወትሮው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«ምነው ዘነበች፣ ዛሬ አረፈድሽ? ከጧት ጀምሬ ስጠብቅ አንድ ሰው በዚህ አላለፈም» አሉኝና ስለ እናቴ ጉልበት መጠየቅ ጀመሩ። ያን ቀን ሰላምታው ቢረዝምም አልጠላሁም።

በሬው መጣ፣ ብስክሌቱ ሄደ። ዛሬ ሮቢት ውስጥ ባጃጁም ብስክሌቱም «እማማ፣ ጥግ ይያዙ» ብሎኝ ያልፋል እንጂ የሚወርድልኝ የለም፤ ይውረዱልኝም አልልም፣ ልጆቹ የሚቸኩሉበት አላቸው። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ጀርባውን አዙሮብኛል፤ እኔን ደስ ይበላት ብለው ያዞሩት ግን ሼህ ሙሄ ብቻ ናቸው።